ያለ ዘር የሚበዛው፦ ከሃይድራ እስከ አረካ ጓሮ

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል። ቡና ከፈላ ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ባዮሎጂ የተማረ ሰው ሁሉ «ኢ-ጾታዊ መራቦ» የሚለውን ምዕራፍ ያስታውሳል። አሜባ ለሁለት ይከፈላል፣ ሃይድራና እርሾ ያቆጠቁጣሉ፣ የዳቦ ሻጋታ ስፖር ይበትናል። «ወንድና ሴት ሳይገናኙ፣ ከአንድ ወላጅ ብቻ፣ ወላጁን የሚመስል ልጅ ማግኘት» የሚለውን ትርጓሜ በቃላችሁ የያዛችሁ ብዙ ናችሁ። ከዚያ ፈተናው ያልፋል፣ ምዕራፉም ይረሳል። ግን ይህ ምዕራፍ የራሱ ታሪክ አለው። በመጽሐፍ የተጻፈው ታሪክ ሆላንድ ይጀምራል፤ ለእኛ የሚበጀው ክፍል ያለው ግን አረካ፣ ከቤታችን ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር ነው። እስኪ ከሩቁ ጀምረን ወደ ቤታችን እንምጣ።

በ1740 እ.ኤ.አ. አብርሃም ትሬምብሌይ የሚባል የጄኔቭ ሰው ሆላንድ ውስጥ፣ ዘ ሄግ አጠገብ፣ የአንድ መኳንንት ልጆች አስተማሪ ሆኖ ይኖር ነበር። ፕሮፌሰር አይደለም፤ የቤት አስተማሪ ነው። ልጆቹን ይዞ ከኩሬ ውኃ እየቀዳ በብርጭቆ ውስጥ ያለውን ነገር ያሳያቸው ነበር። በዚያ ውኃ ውስጥ ክር የሚመስሉ እጆች ያሉት፣ አረንጓዴ፣ በጣም ትንሽ ፍጡር አገኘ። ተክል ነው ወይስ እንስሳ? አረንጓዴነቱ ተክል ያስመስለዋል። ግን ይንቀሳቀሳል፣ ሲነኩት ይሰበሰባል። ትሬምብሌይ አሰበና እንዲህ አለ፦ ለሁለት ልቁረጠው፤ ተክል ከሆነ ሁለቱም ቁራጭ ይኖራል፣ እንስሳ ከሆነ ይሞታል። ቆረጠው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁለቱም ቁራጮች ሙሉ ሆነው ተገኙ። ራስ ያጣው ራስ አበቀለ፣ እግር ያጣው እግር አበቀለ። ነገሩ ግን እጁን ዘርግቶ ትንንሽ ነፍሳት እያደነ ይበላል፣ እንስሳ ነው። ዛሬ ሃይድራ የምንለው ይኸው ነው።

ትሬምብሌይ ሳይቆርጠውም ሃይድራ ከጎኑ እንደ ቀንበጥ እያወጣ ልጅ ሲያበቅል፣ ልጁም አድጎ ሲገነጠል ተመለከተ። (ይህን ማቆጥቆጥ ሆላንዳዊው ሌውወንሁክ ቀደም ብሎ አይቶት ነበር።) ውጤቱን ፓሪስ ለነበረው ለታዋቂው ሳይንቲስት ለሬዎሙር ጻፈለት፤ በ1744 ደግሞ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። አውሮፓ ተናወጠች ብል ማጋነን አይሆንም። ያኔ የነበረው እምነት እንስሳ ከወንድና ከሴት ይወለዳል የሚል ነው። ይህኛው ደግሞ በመቀስ ይባዛል! «ነፍስ አለው ካልን፣ ሲቆረጥ ነፍሱም ለሁለት ተቆረጠች ማለት ነው?» ብለው ፈላስፎች ተከራከሩ። በዚያው በ1740 የትሬምብሌይ ዘመድ የሆነው ሻርል ቦኔ አንዲት ክሽክሽ ገና ከተወለደች ጀምሮ ለብቻዋ ዘግቶ ጠበቃት። ወንድ ሳታይ 95 ልጆች ወለደች። በሁለት ጎን የድሮው እምነት ተናደ።

ነገሩ ወደ ባክቴሪያ ሲወርድ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ባክቴሪያ አንድ ሴል ብቻ ነው። የዘር መረጃውን የያዘው ዲኤንኤ እንደ ቀለበት ገጥሟል። ይህ ቀለበት ይገለበጣል፣ ሁለት ይሆናል። ሁለቱ ቅጂዎች ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሄዳሉ፤ ሴሉ መሐሉ ላይ ይጠብና ግድግዳ ይሠራል፤ ከዚያ ይለያያል። ሁለትዮሽ ክፍፍል የምንለው ይህ ነው። ማን እናት፣ ማን ልጅ እንደሆነ መለየት አይቻልም። አስከሬንም የለም፤ «እናትየው» አልሞተችም፣ ሁለት ሆነች እንጂ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ያዙልኝ። ኢ-ጾታዊ መራቦ ማለት መቅዳት ነው። ጥሩ ነገር ካለህ፣ ሳይለወጥ፣ ሳይበረዝ፣ ያለ አጋር፣ በፍጥነት ታበዛዋለህ። ጉዳቱም ያው እዚያው ውስጥ ነው፦ የሌለህን ነገር መቅዳት አትችልም። አንዱን የሚገድል በሽታ ከመጣ፣ ቅጂዎቹ ሁሉ ያው ስለሆኑ፣ ሁሉንም ይገድላል። ለዚህም ይመስላል ሃይድራ ምግብ ሲተርፈውና ውኃው ሲስማማው እያቆጠቆጠ ቆይቶ፣ ሁኔታው ሲለዋወጥ ዕንቁላልና የወንድ ዘር የሚያወጣው። ክሽክሾችም በብዙ አገር በበጋው ያለ ወንድ ሲራቡ ከርመው ብርዱ ሲቃረብ ወንድ ይወልዱና ይገናኛሉ። በደጉ ጊዜ መቅዳት፣ በክፉ ጊዜ መደባለቅ። እነዚህ «ቀላል» የምንላቸው ፍጡራን ሁለቱንም ይዘዋል።

አሁን ወደ አረካ እንምጣ።

አውሮፓውያን በሃይድራ ሲደነቁ የወላይታ ገበሬ አንድን ተክል ቆርጦ መቶ ማድረግን ከአያቶቹ ተረክቦ ይኖርበት ነበር። ተክሉ እንሰት ነው፤ በወላይትኛ ኡታ። እንሰት እንደ አሜባ ቀላል ፍጡር አይደለም፤ ትልቅ፣ አበባ የሚያወጣ ተክል ነው፣ የሙዝ የቅርብ ዘመድ። ግን በገበሬው እጅ ሲገባ አበዛዙ እንደ ሃይድራው ሆነ፦ በቢላ። ወደ አውሮፓ መጻሕፍት የገባውም በጎብኚው በጄምስ ብሩስ በኩል ነው። በ1769 ወደ አገራችን ገብቶ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ተክሉን ሥሎ ገለጸው፤ የሳይንስ ስሙም እስከ ዛሬ «ኤንሴቴ» የሆነው ከራሳችን ቃል ተወስዶ ነው። ዛሬ በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው ከእንሰት ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይነገራል።

አበዛዙን አረካ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን ለማያውቁት ልንገር። ሙዝ ከሥሩ ራሱ ልጅ ያወጣል። እንሰት ግን እንዲሁ ከተተወ ልጅ አያወጣም። ስለዚህ ገበሬው ዕድሜው ገና ለአበባ ያልደረሰ፣ ጤነኛ፣ ጥሩ እንሰት ይመርጣል። ግንድ የሚመስለውን ክፍል ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ ይቆርጠዋል። ከዚያ ከመሬት በታች ያለውን ወፍራሙን ክፍል፣ አሚቾ የምንለውን፣ መሐል ለመሐል ይቦረቡራል፤ የማደጊያውን ዓይን አውጥቶ ይጥላል። ጉድጓዱን በአፈርና በፍግ ይሞላል፤ አንዳንዱ አሚቾውን ሙሉውን ይቀብራል፣ አንዳንዱ ሰነጣጥቆ ይቀብራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ዙሪያውን ቡቃያ ይፈላል። ከአንድ አሚቾ እንደ ዓይነቱና እንደ አያያዙ ከ40 እስከ 200 ችግኝ ይገኛል። ከዚያ ይነቀላል፣ ይለያያል፣ ቦታ እየለወጠ እየተተከለ ያድጋል።

መሐሉ ለምን ይቦረቦራል? የመሐሉ ዓይን በሕይወት እስካለ ድረስ ኦክሲን የተባለ ሆርሞን ወደ ታች እየላከ በዙሪያው የተኙትን ዓይኖች «ተኙ» ይላቸዋል። አለቃው ሲነሳ የተኙት ሁሉ ይነቃሉ። የሳይንስ መጽሐፍ ይህን የጻፈው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የእኛ አባቶች ሆርሞን የሚል ቃል አልነበራቸውም፤ ሥራውን ግን ያውቁታል፣ የቢላቸው ጫፍ የሚያርፈው ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው።

«ለምን በፍሬው አይዘሩትም?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። እንሰት በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያብበው፤ አብቦ፣ አፍርቶ ይሞታል። ገበሬው የሚፈልገው ምግብ ደግሞ በግንዱና በአሚቾው ያለው ነው፤ አበባው ያንን ሁሉ ይበላበታል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ሳያፈራ ይቆረጣል። በዘር የሚራባው የጫካው እንሰት ነው። ጓሮ ያለው ግን በቅጂ የሚኖር ነው። ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፦ ዛሬ አረካ ጓሮ ውስጥ የቆመ አንድ የማዚያ እንሰት ከስንት ትውልድ በፊት የነበረ የአንድ ተክል ቁራጭ ነው። ዘሩ አይደለም፤ ራሱ ነው። የተከለው ሰው ሞቷል፣ ቤቱ ፈርሷል፣ መንግሥት ተቀያይሯል፤ ተክሉ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተቆረጠ አለ። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል፤ እንሰት ግን ያለ ዘርም ስቧል።

እዚህ ላይ የምወዳት አንዲት ነገር አለች። የወላይታ ሰው እንሰቱን «ወንድ» እና «ሴት» ብሎ ይከፍለዋል። ወንዱ ጠንካራ ነው፤ በሽታና ድርቅ ይችላል፣ ግን ለመፋቅ ያስቸግራል። ሴቷ ለስላሳ ናት፣ ምግቧ ይጣፍጣል፣ ግን ቶሎ ትጎዳለች። የባዮሎጂ መምህር ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ ያለ ጾታ የሚራባ ተክል ጾታ ተሰጥቶት! ግን ስያሜው የሚናገረው ስለ መራቦ አይደለም፣ ስለ ጠባይ ነው። የወንዱም የሴቷም ዓይነት በአንድ ጓሮ ጎን ለጎን መተከል አለበት የሚል ምክር ነው ያዘለው። በዞናችን ባሉ ወረዳዎች የተደረገ ጥናት ከ60 በላይ በስም የሚታወቁ የእንሰት ዓይነቶችን መዝግቧል። እያንዳንዱ ስም አንድ የቅጂ ሐረግ ነው። ስሙን የሚያውቁት በቅጠሉ መልክ፣ በመሐል አንጓው ቀለም፣ በግንዱ ነጠብጣብ ነው፤ ይበልጥ የሚያውቁት ደግሞ እናቶች ናቸው፣ ምክንያቱም የሚፍቁትና የሚያበስሉት እነሱ ናቸው። የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛው አሚቾው ተቀቅሎ እንደሚበላ የሚጠየቀው እነሱን ነው።

ቆጮ ካልን አይቀር፣ ጉድጓዱ ውስጥም የእኛው ምዕራፍ እየተሠራ ነው። የተፋቀው እንሰት ተቀብሮ ሲብላላ የሚሠሩት ባክቴሪያዎችና እርሾዎች ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠርቶ በ1987 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ቅደም ተከተሉን አሳይቷል፦ መጀመሪያ ሊውኮኖስቶክ የሚባሉት ይበዛሉ፣ አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱ ሲጨምር እነሱ ይቀንሱና ላክቶባሲለስ የሚባሉት ይረከባሉ። ሁሉም የሚበዙት ለሁለት እየተከፈሉ ነው። አሲዱ አበላሺውን ተሕዋስ ስለሚከለክል ቆጮው ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ስለዚህ ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት አይደለም። በቅጂ የሚኖር ተክል፣ በቅጂ በሚበዙ ተሕዋስያን ተብላልቶ ነው ለብዙዎቻችን እንጀራ የሆነው።

አሁን ወደ ጠላቱ።

በ1939 እ.ኤ.አ. ካስቴላኒ የተባለ ጣሊያናዊ የእንሰት መበስበስን የሚመለከት ጽሑፍ አወጣ። ምክንያቱን በማያሻማ ሁኔታ ያሳየው ግን የራሳችን ሰው ነው። የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪው ዳኛቸው ይርጉ ከጄ. ኤፍ. ብራድበሪ ጋር በመሆን በ1968 እ.ኤ.አ. (በ1960 ዓ.ም. መሆኑ ነው) የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣው ዛንቶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን አሳተሙ፤ አዲስ ዝርያ ነውና «ሙሳሲያረም» ብለው ሰየሙት። በ1974 ደግሞ ያው ባክቴሪያ ሙዝንም እንደሚያጠቃ ጻፉ። (ስሙ በኋላ ተከልሷል፤ ዛሬ ዛንቶሞናስ ቫሲኮላ ከሚባለው ዝርያ ሥር ነው የሚመደበው።) የተማሪ መጽሐፎቻችን ውስጥ ፓስተርና ኮክ አሉ። ዳኛቸው ይርጉም ቢገባ ደስ ይለኛል።

ምልክቱን አረካ ውስጥ የማያውቅ ገበሬ የለም። መጀመሪያ የመሐሉ ለጋ ቅጠል ይጠወልጋል፣ ይታጠፋል፤ ከዚያ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ በመጨረሻ ተክሉ ይበሰብሳል። ግንዱ ሲቆረጥ ከደቂቃዎች በኋላ ቢጫ ወይም ክሬም የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል። ያ ፈሳሽ ምን መሰላችሁ? ባክቴሪያው ራሱ ነው፤ ቁጥር ስፍር የሌለው ቅጂ።

እስኪ ስሌት እንሥራ። በመማሪያ መጽሐፍ የሚጠቀሰው ኢ. ኮላይ ሁኔታው ሲመቸው በየ20 ደቂቃው ይከፈላል። የእንሰቱ ባክቴሪያ ከዚህ የዘገየ ነው፤ ለስሌት ያህል በየ3 ሰዓቱ ይከፈላል እንበል። አንድ ሴል 30 ጊዜ ሲከፈል ከ1 ቢሊዮን በላይ ይሆናል፤ በካልኩሌተራችሁ 2ን 30 ጊዜ አባዙት፣ 1,073,741,824 ይወጣል። 30 ጊዜ በየ3 ሰዓቱ 90 ሰዓት ነው፤ አራት ቀን አይሞላም። እንሰቱ ደግሞ ከአንድ መቶ ለመሆን ወራት፣ ችግኙ ደርሶ በተራው እናት ለመሆን ዓመታት ይፈልጋል። ሁለቱም በቅጂ ይበዛሉ፤ ፍጥነታቸው ግን አይወዳደርም።

ሌላም ልዩነት አለ። መገልበጥ አንዳንዴ ስሕተት ይኖረዋል፤ ሚውቴሽን የምንለው። ቢሊዮን ጊዜ በሚገለበጥ ነገር ውስጥ ብዙ ስሕተት ይከማቻል፤ ከስሕተቶቹ አንዱ ለባክቴሪያው የሚጠቅም ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያዎች በዚያ ላይ አልፎ አልፎ ዲኤንኤ ይለዋወጣሉ። እንሰታችን ግን በአንድ ጓሮ ሠላሳም አርባም ቢሆን፣ ዓይነቱ አንድ ከሆነ፣ በበሽታው ዓይን አንድ ተክል ነው።

ይህ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለማየት አየርላንድን እናስታውስ። ድንችም የሚተከለው ራሱ ድንቹ ነው፤ ቅጂ ነው። በ1840ዎቹ የአየርላንድ ድሃ ገበሬ በአብዛኛው «ላምፐር» የሚባል አንድ ዓይነት ድንች ላይ ተመሥርቶ ነበር። በ1845 ዋግ ገባ። የዋጉ ተሕዋስም ያለ ጾታ ስፖር እየበተነ የሚራባ ነበር። አንዱን ላምፐር የገደለ ሁሉንም ገደለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው አለቀ፤ ሌላ ከሚሊዮን በላይ አገር ጥሎ ተሰደደ። የመሬት ይዞታውና የመንግሥቱ ፖሊሲም ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ መጀመሪያ የተቀደደው በር ግን አንድ ዓይነት መትከል ነበር።

እኛስ? አጠውልግ ስንት ዓመት አብሮን ኖሮ ለምን እንሰትን ከወላይታ አላጠፋውም? ብዙ ጓሮ አጥፍቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ወላይታን ግን አላራቆተም፣ ምክንያቱም ጓሮው ላምፐር አልነበረም። ጓሮው ስብጥር ነበር። በምርምር በሽታው ሆን ተብሎ ተሰጥቷቸው ሲነጻጸሩ አርኪያ የተባለው ዓይነት ቶሎ ተጎድቷል፤ ማዚያ ደግሞ ከተሻሉት ተርታ ተገኝቷል። ማዚያ ፈጽሞ አይያዝም ማለት አይደለም፤ ይያዛል፣ ግን ይቋቋማል፣ ብዙ ጊዜም ያገግማል። አያቶቻችን ይህን በሙከራ ጣቢያ ሳይሆን በጓሮ አውቀውታል። የጣፈጠውንም፣ የጠነከረውንም ጎን ለጎን ተክለዋል።

ቅድም ሃይድራ በክፉ ጊዜ ይደባለቃል ብዬ ነበር። እንሰትን ከአበባው የከለከልነው እኛ ነን፤ ስለዚህ የመደባለቁን ሥራም እኛው ተረክበናል ማለት ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ችግኝ ሲሰጥ፣ አማት ለአማት ሲልክ፣ ገበያ ወጥቶ አዲስ ዓይነት ሲገዛ፣ ስብጥሩን የሚጠብቀው ይህ መቀባበል ነው። ከሌላ ወረዳ የመጣ ችግኝ ለጓሮው እንደ አዲስ ደም ነው።

ችግሩ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ያ የተቀበልነው ችግኝ በሽታውን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ባክቴሪያው ውስጡ ገብቶ ምልክት ሳያሳይ የሚቆይበት ጊዜ አለና። ያ አሚቾውን የቦረቦረው፣ አንዱን መቶ ያደረገው ቢላ፣ የታመመ ተክል ነክቶ ጤነኛውን ሲነካ በሽታውንም መቶ ያደርገዋል። ቅጂ አብዢው መሣሪያና በሽታ አብዢው መሣሪያ አንድ ነው። ፍልፈልና ጃርትም ሥሩን በልተው ያዛምታሉ፤ ከብት የታመመ ቅጠል በልቶ ወደ ጤነኛው ይሄዳል። ጓሮ ለጓሮ የሚዞረው ቢላ ግን የእኛው ነው፤ ልናስቆመው የምንችለውም እሱን ነው።

ለዚህ ማስረጃው ከድንበራችን ማዶ ታይቷል። በሽታው ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያ ብቻ ሆኖ ከቆየ በኋላ በ2001 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ፣ ሙኮኖ ውስጥ በሙዝ ላይ ታየ፤ በዚያው ሰሞን ምሥራቅ ኮንጎም ተገኘ። ከዚያ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኬንያ፣ ቡሩንዲ ደረሰ። የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ያነበቡ ተመራማሪዎች ከነዚህ አገሮች የተሰበሰቡት ሁሉ በሁለት በጣም ተቀራራቢ ሐረጎች ውስጥ የሚገቡ መሆናቸውን አግኝተዋል። ያ ሁሉ አገር ያዳረሰው የጥቂት ሴሎች ቅጂ ነው። እዚያ ሙዙ ስለሚያብብ ንብና ሌሎች ነፍሳት በአበባው በኩል ጭምር ያዛምቱታል፤ የእኛ እንሰት ሳያብብ ስለሚቆረጥ ከነፍሳቱ ይልቅ ቢላው ይከብዳል።

አረካ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላም ቦታ አላት። በከተማችን ያለው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ከተለያዩ እንሰት አብቃይ አካባቢዎች የተሰበሰቡ ከ600 በላይ የእንሰት ናሙናዎችን በማሳው ላይ ተክሎ ይዟል። ይህ ለምን ከባድ ሥራ እንደሆነ ልብ በሉ። የጤፍና የገብስ ዘር ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ባለው የዘረመል ባንክ ደርቆ፣ በቅዝቃዜ፣ በከረጢት ይቀመጣል። በቅጂ የሚኖር እንሰት ግን ከረጢት ውስጥ አይቀመጥም። እያንዳንዱ ዓይነት ቆሞ፣ በሕይወት፣ በአፈር ላይ መጠበቅ አለበት፤ ሲያረጅ መቦርቦር፣ ማባዛት፣ እንደገና መትከል ያስፈልጋል። አንድ ዓመት የተረሳ ዓይነት ሊጠፋ ይችላል፤ ከጠፋ ደግሞ ከየትም ዘር ተፈልጎ አይመለስም። ከዚሁ ማዕከል ያንቡሌ፣ ገዋዳ፣ እንዳለ፣ ከሊሳ፣ ዘሪታ እና መሰና የተባሉ ዝርያዎች ተመርጠው ለገበሬ ተለቅቀዋል። በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ከተክሉ የማደጊያ ጫፍ ጥቂት ሴል ወስዶ በንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ በማባዛት፣ ችግኝ የማግኘት ሥራም አለ። የትሬምብሌይ መቀስ ዛሬ አረካ ደርሷል ማለት ነው።

ግን 600 ዓይነት በአንድ ማሳ መኖሩና ብዙ ዓይነት በብዙ ጓሮ መኖሩ አንድ አይደለም። ወላይታ መሬት የጠበበበት፣ ሕዝብ የበዛበት አካባቢ ነው። መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል መጀመሪያ የሚቀነሰው ከአራት ዓመት በላይ የሚያስጠብቀው እንሰት ነው፤ በቦታው በወራት የሚደርስ ይገባል። የተረፈው ቦታ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ሁለት ሦስት ዓይነት ብቻ ይመረጣል፣ ብዙውን ጊዜም ገበያ የሚወደው። እንዲህ እያልን፣ ማንም ሳይወስን፣ ቀስ ብለን ወደ ላምፐር እየሄድን እንዳይሆን እሰጋለሁ።

«ስኳር ድንች አለን» የሚል ካለ፣ እሱም በሐረጉ የሚተከል ቅጂ ነው። ቶሎ ይደርሳል፣ ብዙ ጊዜም አድኖናል። ግን ድርቅ ሐረጉን ካደረቀው የሚተከል ነገር የለም፤ ጎተራ ገብቶ የተቀመጠ ዘር የለውም። በ1992 ዓ.ም. ወላይታን ያገኘው ረሃብ የከፋበት አንዱ ምክንያት የስኳር ድንቹ በድርቅ መመታት ነበር። እንሰቱ ግን ዓመታትን ቆሞ ስለሚጠብቅ፣ ለአንድ ወቅት ዝናብ መጥፋት እንደ ስኳር ድንች አይበገርም። አንዱ ፈጥኖ፣ ሌላው ቆሞ፤ ሁለቱም ያስፈልጉናል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ታሪክ ለማውራት ብቻ አይደለም። በእጃችን ያሉ ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ቢላው። ከአንድ ተክል ወደ ሌላ፣ ይልቁንም ከጎረቤት ጓሮ ወደ ራስ ጓሮ ከመሄዱ በፊት በእሳት ይለብለብ ወይም በበረኪና ይታጠብ። በሽታው የሚራባው በክፍፍል ነው፤ ቢላው ላይ የሞተ ሴል አይከፈልም። ሁለተኛ፣ የታመመው ተክል ከነአሚቾው ይነቀል፣ ርቆ ይቀበር፤ ለከብት አይሰጥ፣ ወንዝ ላይ አይጣል፤ ቦታውም ለወራት ሌላ ሰብል ይዝራበት እንጂ ወዲያው እንሰት አይተከልበት። ይህ አንድ ቤት ብቻውን ቢሠራው አይበቃም፣ መንደሩ አብሮ መሥራት አለበት። ሦስተኛ፣ ችግኝ ስንቀባበል ከየት ጓሮ እንደመጣ እንጠይቅ፤ መቀባበሉን ግን አናቁም፣ ምክንያቱም የእንሰታችን መደባለቂያ መንገድ እሱ ብቻ ነው።

አራተኛውን ለእናንተ፣ አዲስ አበባም፣ ሐዋሳም፣ ባሕር ማዶም ላላችሁ ልጆቼ ነው የምለው። ቤት ስትደውሉ ከሰላምታ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «እማዬ፣ ጓሯችን ውስጥ የትኞቹ እንሰቶች አሉ? ድሮ ኖሮ አሁን የሌለውስ?» ብላችሁ ስማቸውን በወረቀት ጻፉ። የትኛው ወንድ፣ የትኛው ሴት እንደሆነች፣ የትኛው ከማን ጓሮ እንደመጣም ጠይቁ። ስሙን የሚያውቅ ሰው ሲያልቅ ዓይነቱም ከሌላው ጋር ተደባልቆ ይረሳል፣ ከዚያ ይቆረጣል፣ ከዚያ ማንም ሳያውቅ ይጠፋል። ሄዳችሁም ከሆነ፣ አንድ የጠፋ ዓይነት ከዘመድ ጓሮ ፈልጋችሁ፣ ንጹሕ ችግኝ መሆኑን አይታችሁ፣ ለእናታችሁ ትከሉላት። የዚህ ምዕራፍ የቤት ሥራ ይኸው ነው፤ ማርኩን እሷ ትስጣችሁ።

ሰላም ዋሉልኝ።